ድምፅ የሌለው ረሃብ

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ያለው ግቢያችን ጓሮ ጀንፈል ቡና የምናስቀምጥበት የቆርቆሮ መጋዘን አለ። የሚጠብቀው በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ነው። ድሮ እንዲሁ ይሰጡኝ የነበረውን አጥንት ሥጋ ቤቶቹ አሁን መዝነው ይሸጡልኛል። ቡናው ሳይሸጥ በቆየበት ሰሞን አንድ ቀን «የዛሬን ይለፈው» አልኩ። ሌሊቱን ሲያላዝን አደረ። ሲነጋ ባለቤቴ «አስረህም ታስርባለህ?» አለችኝ።

ድመት ዘግታ ስላስራበችው ሴት ቡኻሪና ሙስሊም ያሰፈሩትን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሴትየዋ የተቀጣችው አላበላችም ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ድመቷ ወጥታ የምድር ነፍሳትን እንዳትለቅምም ከልክላታለች። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ማጣት ሰበብ የሚሆነው በሩን ለከፈተ ሰው መሆኑን ነው። የዘጋ ሰው ባለዕዳ ነው።

አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ጓደኛው በመስታወት ሣጥን የሚያሳድገውን ዘንዶ በቪዲዮ አሳይቶኛል። በረዶ የሆነ አይጥ እየተገዛ፣ በሙቅ ውሃ እየቀለጠ ይሰጠዋል፤ ሲተልቅ ሙሉ ጥንቸል ይውጣል። «ገንዘብ ሲያጥረውስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አጎቴ፣ ዘንዶ እኮ ሳይበላ ወራት ይቆያል።»

እውነቱን ነው፣ ይቆያል። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። የእኔ ውሻ ጮኾ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ ዘንዶ ግን አይጮኽም። ባለዕዳው ቀን እየቆጠረ ቢያሳልፈው ማን ይሰማል?

በአባቶች ተረት አርዌ የተባለው ዘንዶ አገሩን ሲገዛ ሰዉ ሴት ልጆቹንና ከብቱን ይገብርለት ነበር፤ አንጋቦ የተባለ ሰው በተመረዘ ፍየል እስኪገድለው ድረስ። እዚያ የታሰረው ሕዝቡ ነበርና ለአርዌ የምግብ ዕዳ አልነበረበትም። በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ግን ስድስት ኪሎ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ባቋቋሙት የአንበሳ ግቢ፣ ቦታና የቀለብ ገንዘብ ጠፋ ተብሎ ደቦሎች በመርዝ መገደላቸው ተዘገበ። ያንን ዜና የሰማሁ ቀን ሥጋ አልበላሁም። ደቦሎቹ ማንንም አልገዙም፤ በሩን የዘጋንባቸው እኛ ነን።

አሁን የቡና ገንዘብ እጄ ሲገባ ከዘይቱም ከስኳሩም በፊት አጥንቱን እገዛለሁ። ማታ የግቢው በር ሲዘጋ ሰንሰለቱን እፈታለሁ። አንገቱ ላይ ፀጉሩ ያለቀበት ቦታ ገና አልሞላም።