የሚያስፈራ ተረት ማንን ያስፈራል?

በክረምት ጭጋግ ከጭላሎ ወርዶ አሰላን ሲሸፍን፥ ከቢሮ መልስ በራችንን ዘግተን የሚያስፈራ መጽሐፍ የምናነብ ሰዎች አለን። የወር ደመወዙ ከሃያ ቀን የማያልፍ ሰው የራሱ ፍርሃት ሳለው ሌላ ፍርሃት ገዝቶ ማንበቡ ያስገርማል። ይህስ ደስታ ከነውር ይቆጠራልን?

ብራም ስቶከር በ1897 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ድራኩላ» ደም መጣጩ የሚመጣው ከሩቅ አገር፥ ከትራንሲልቫንያ ግንብ ነው። መጽሐፉ ሲከደን እርሱም አብሮ ይከደናል፤ በሰፈራችን የሚጠረጠርበት ሰው የለም። በምድጃ ዳር የሰማነው የቡዳ ተረት ግን አይከደንም። ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚሄደው ማረሻችንን የሚያበጀው ቀጥቃጭ፥ ወይም እንስራችንን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ናት ይባላልና፥ ተረቱ ካለቀ በኋላ ልጁ የሚፈራው ጎረቤቱን ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ተረቱን ግን አዋጁ አላስቆመውም።

ሜሪ ሼሊ በ1818 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ውስጥ ያለው ፍጡር ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ያየው ሁሉ ስለ ሸሸውና ስለ ደበደበው ከፋ እንጂ። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የስቲቨን ኪንግ «ኬሪ»ም የትምህርት ቤት ጓደኞቿ የተሳለቁባት ልጅ ታሪክ ነው። እንግዲህ ቡዳ የተባለው ሰው ራሱ ብዕር አንሥቶ፥ ገበያ በወጣ ቁጥር እናቶች የልጆቻቸውን ፊት እንዴት እንደሚሸፍኑበት ቢጽፍልን፥ ከድራኩላ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ መጽሐፍ በሆነ ነበር።