«ደኅና ነኝ» ስንል

በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታው ቶሎ አያልቅም። «እንዴት ነህ? ደኅና ነህ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው? ጤናስ እንዴት ነው?» እየተባለ ይደጋገማል። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይባላል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የታመመ ሰው «ደኅና ነኝ» ሲል ምስጋና አቀረበ እንበል ወይስ እውነትን ሸሸገ? ጥያቄውን ያነሣነው ለክርክር ብቻ አይደለም። በመካከላችን የደረሰ ነገር አለና፣ ባለቤቱም ስለ ፈቀደልን፣ አብረን እንድናስብበት አቀረብነው።

ከመዘምራኑ መካከል ከበሮ የሚመታ የ22 ዓመት ወንድም አለን። ከዓመት በፊት መዝሙሩ ሳያልቅ ከበሮውን ለሌላ ማቀበል ጀመረ። ስንጠይቀው «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይለናል። እኛም «ሰነፍክ» እያልን ቀለድንበት። ለካስ ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው፣ ሦስት ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ ነበር የሚያድረው። ማታ ማታም እግሩ እያበጠ ጫማው እንቢ ይለው ነበር። ይህን ሁሉ ለብዙ ወራት ችሎ ከቆየ በኋላ እናቱ ግድ ብለው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ ልቡንም በአልትራሳውንድ ካየ በኋላ «የልብ ድካም ነው» አለው።

ይህ ስም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በየመንደሩ አንድ ሰው በድንገት ሲሞት «የልብ ድካም ነው» ስለሚባል፣ ወንድማችንም የሞቱ ቀን የተነገረው መሰለው። ሐኪሙ ግን በትዕግሥት አስረዳው። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት አቃተው ማለት ነው። ደሙ በወጉ ስለማይገፋም ውኃ በሳንባ ውስጥና በእግር ላይ ይጠራቀማል። ትንፋሽ ማጠሩም፣ እግር ማበጡም ከዚህ የተነሣ ነው።

ምክንያቱ በሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለብዙዎች የደም ግፊት ነው፤ ለሌሎች የልብ ደም ሥር መጥበብ ነው። የወንድማችን ግን ከልጅነቱ የመጣ ነው። በባክቴሪያ የሚነሣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራስን ልብ ያጠቃል። ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮችም ከዓመታት በኋላ ይጠባሉ ወይም ያፈስሳሉ። ይህ በሽታ በአገራችንና በመሰሎቿ ብዙ ወጣቶችን ስለሚጎዳ፣ በ2010 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች እንዲከላከሉት ውሳኔ አሳልፏል። እንግዲህ ታናናሾቻችን ጉሮሯቸውን እያመማቸው «ደኅና ነኝ፣ ልጫወት» ሲሉ ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

ሕክምናው ወዲያው ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ ፉሮሴማይድ የተባለ ኪኒን ይወስዳል። የጉሮሮው በሽታ ተመልሶ መጥቶ ቫልቩን የበለጠ እንዳይጎዳ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ቫልቩን ለማስጠገን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው እንደ ሆነ ደግሞ ሐኪሞቹ እየተከታተሉ ይወስናሉ። ጨው እንዲቀንስ ታዘዘ። ይህም ቀላል አይደለም፤ ሽሮው ገና ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡም ለቤተ ሰብ ሁሉ አንድ ላይ ይሠራልና። በየማለዳው እንዲመዘንና በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ሳይውል ሳያድር እንዲናገር ተመከረ። ክብደቱ እንዲህ በፍጥነት የሚጨምረው ሥጋ በመጨመሩ ሳይሆን ውኃ በመመለሱ ነውና።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እብጠቱ ጠፋ፤ በአንድ ትራስም ተኛ። እኛም ደስ አለን። በዚያው ሰሞን ለሦስት ቀን መንፈሳዊ ጉዞ በአውቶቡስ ተነሣን። ወንድማችን በመንገድ ላይ ዘመረ፣ ሳቀ። «ደኅና ነህ?» ያላልነው ከመካከላችን ማን አለ? እርሱም ለሁላችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብሎ መለሰ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ትንፋሹ ተቆራረጠ። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው፤ ኦክሲጅን ተሰጠው፣ መድኃኒቱም በመርፌ ገባለትና ተረፈ።

በኋላ ስንሰማ ለሦስቱም ቀን ኪኒኑን አልወሰደም ነበር። «ኪኒኑ ቶሎ ቶሎ ሽንት ያስመጣል፤ በእኔ ምክንያት አውቶቡሱ በየመንገዱ እንዲቆም መጠየቅ አፈርሁ። ደግሞም ደኅና ሆኛለሁ ብዬ ነበር» አለን። ይህን ስንሰማ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። አንድ ወጣት ሹፌሩን «አቁምልኝ» ለማለት ከማፈሩ የተነሣ ለሞት ቀርቦ ነበርና።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? አንዳንዶቻችን «እውነቱን የደበቀው እርሱ ነው» አልን። እውነት ነው፤ አባቶችም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሌሎቻችን ግን «በሽታን ማውራት ማማረር ይሆናል፤ ሰውን ማስጨነቅም ደግ አይደለም» ስንል ተከራከርን። ይህም ሐሳብ ቀላል አይደለም። ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ስለ ውሸታምነት ብቻ አይደለም። የእናቱን ልብ ላለመስበር፣ ለወዳጆቹ ሸክም ላለመሆን፣ «በሽተኛው» ተብሎ ላለመጠራት ሲል ይደብቃል።

ነገሩን ደጋግመን ስናየው ግን ምስጋናና እውነት የሚጣሉ ሆነው አላገኘናቸውም። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ቃል ስለ ሰጪው የሚነገር ነው፤ «ደኅና ነኝ» የሚለው ደግሞ ስለ ራስ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። የመጀመሪያውን በሕመምም በጤናም ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን እንደ ሌላው ምስክርነት ሁሉ እውነት ሲሆን ብቻ መናገር ይገባል። «ተመስገን፤ ግን ዛሬ እግሬ አብጧል» የሚል ሰው ምስጋናውን አላጎደለም፣ አላማረረምም። ማማረር ተስፋ መቁረጥ ነው፤ እንዲህ ብሎ መናገር ግን ርዳታ መፈለግ ነው።

በዚህ ላይ ደኅንነት ሲሰማን የሚያታልለን ነገር አለ። ወንድማችን ደኅና የሆነው ኪኒኑን እየወሰደ ስለ ነበር ነው። እርሱ ግን ደኅና መሆኑን ኪኒኑ እንደማያስፈልግ ማስረጃ አደረገው። ጾሙና የመድኃኒቱ ሰዓት ሲጋጩበትም ለሐኪሙና ለንስሐ አባቱ እውነቱን መናገር እንጂ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባውም።

የእኛ ጥፋት ግን ከእርሱ ይበልጣል። እውነት የሚነገረው የሚሰማ ሲገኝ ነው። «ደኅና ነህ?» ብለን መልሱን ሳንጠብቅ እናልፋለን። ሲነግረን ደግሞ «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» እንላለን። «አይዞህ» ማለት መልካም ነው፤ «ምንም የለብህም» ግን ሐሰት ነው፤ የታመመውንም አፉን ያስይዘዋል። «አይዞህ፣ አብረንህ ነን፤ ኪኒንህን ወስደሃል ወይ?» ብንለው ይሻላል።

ይህ ሲባል የታመመ ሰው ሕመሙን ለመንገደኛ ሁሉ ይዘርዝር ማለታችን አይደለም። ለሐኪሙ ሁሉን ይንገር፤ አብረውት ለሚውሉና ለሚያድሩ የሚያስፈልጋቸውን ይንገር፤ በመንገድ ላገኘው ሰው ሰላምታው ይበቃዋል። እኛም የነገረንን በየቡና ስኒው ዙሪያ ልናወራው አይገባም። ምሥጢሩ የሚወጣበት ሰው ሁለተኛ እውነት አይናገርምና።

ወንድማችን አሁን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል፤ በመርፌው ቀንም ከመካከላችን አንዱ አብሮት ይሄዳል። ከበሮውን ለጊዜው ትቶ ጸናጽል ይዟል። ባለፈው ወር ደግሞ ለጉዞ ስንነሣ፣ አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ፣ ከኋላ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሹፌር፣ አንዴ አቁምልኝ!» አለ። ማንም አልሳቀም። አውቶቡሱ ቆመ፤ ከእርሱም ጋር አምስት ስድስት ሆነን ወረድን። ለካስ ሌሎቻችንም አፍረን ዝም ብለን ነበር።