በዳይ፣ ተበዳይና አለንጋ

በጉና ተራራ ግርጌ በተበተኑት የፋርጣ መንደሮች አንድ ሰው የጎረቤቱን ደም ያፈሰሰ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ታይቶ ቅጣት ቢወሰን እንኳ መንደሩ ነገሩ አለቀ አይልም። በዳይ ታስሮ ቢፈታም፣ ተበዳይ እስካልታረቀ ድረስ ወደ ገበያ የሚያወጣው መንገድ፣ ከብት የሚጠጣበት ወንዝና የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለሁለቱ ወገኖች የስጋት ስፍራ ሆነው ይኖራሉ። ስለሆነም ዋስ ይጠራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ የነፍስ አባት መስቀል ይዘው ይመጣሉ፤ በዳይም ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቀርባል፣ ካሳው ይቆረጣል። እርቅ ደም ያድርቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚያው መንደር የተሠራው ትምህርት ቤት ግን ለብዙ ዘመን የተዳደረው በሌላ ሥርዓት ነው። አንድ ልጅ የሌላውን ራስ በድንጋይ ቢፈነክት ተንበርክኮ ይውላል፣ በአርጩሜ ወይም በጎማ ይገረፋል፣ ወላጅ አምጣ ይባላል፣ ሲብስም ይባረራል። የተፈነከተውስ? እርሱ ቁስሉን ታጥቦ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ በጉዳዩ ውስጥ ስሙ አይነሣም። አባቶቻቸው ተጣልተው ቢሆን ኖሮ አገር ይቀመጥላቸው ነበር። ለዐዋቂ የተፈቀደው እርቅ ለልጅ ስለ ምን ተነፈገ?

የጥያቄው ሥር ወደ አሮጌው ትምህርት ቤት ይወስዳል። ደቡብ ጎንደር የሊቃውንት አገር ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባ የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ከለመነው የቆሎ ተማሪ መካከል የየኔታን አለንጋ የማያስታውሰው ጥቂት ነው። የኮበለለ ልጅ ተይዞ እግሩ በሰንሰለት የሚታሰርበት ጊዜም ነበር። የአለንጋው ጠበቆች «ሊቃውንቱን ያፈራው ይኸው አይደለምን?» ይላሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ነገር ግን የሚቆጥረው የጸኑትን ብቻ ነው። አለንጋውን ሸሽተው ወደ እረኝነት የተመለሱትን ማን ቆጠራቸው? ደግሞም የኔታ ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ደብር ጥላ ሥር የሚኖሩ፣ የእያንዳንዱን አገርና ጠባይ ለይተው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ የገረፉትን ልጅ ማታ ቃል የሚያስቀጽሉትም እርሳቸው ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ አለንጋውን ወረሰ፤ ቅርበቱን ግን አልወረሰም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከገጠር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ደብረ ታቦር የመጡ ሁለት ልጆች በአንድ የኪራይ ክፍል ይኖራሉ እንበል። ስንቃቸው በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። የአንደኛው አባት በግ ሸጦ የሰጠው የቤት ኪራይ ከትራሱ ሥር ይጠፋል፤ የወሰደውም ጓደኛው መሆኑ ይታወቃል። የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን ለአንድ ዓመት ያግደዋል። ደንቡ ተከበረ። ይሁን እንጂ ኪራዩ አልተከፈለም፤ የተሰረቀው ልጅ በወሩ መጨረሻ ከአከራዩ ፊት የሚቆመው ባዶ እጁን ነው። የታገደው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል፤ ሴት ልጅ ብትሆን ኖሮ የሚጠብቃት ምናልባት ያለ ዕድሜዋ ትዳር ነበር። በአንድ ገበያ የሚገበያዩት ሁለቱ ቤተሰቦችም ይቀያየማሉ። በመጨረሻ ሽማግሌ የሚቀመጠው ትምህርት ቤቱ «ወስኛለሁ» ብሎ መዝገቡን ከዘጋ በኋላ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። የትምህርት ቤት ቅጣት ግን በተቃራኒው የወጋውን ብቻ እያሰበ የተወጋውን የሚረሳ ሆኖ ኖሯል። ለገራፊው ቅጣት ዓላማው ማረም ነው፤ ለተገራፊው ግን ብዙ ጊዜ ዕዳን መክፈያ ይሆናል። «ተገርፌበታለሁ» ያለ ልጅ ሒሳቡን እንደ ዘጋ ይቆጥራል። በተሰረቀው ጓደኛው ፊት ተቀምጦ ስለተሸጠው በግ መስማት፣ «ለምን?» ሲባል መልስ መፈለግ፣ በየገበያው ቀን ሸክም ተሸክሞ ገንዘቡን መመለስ ከአለንጋ ይከብዳል። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል የሚለውን ተረት እየጠቀሱ እርቅን ልል አድርገው የሚመለከቱ ሰዎች ይህን ክብደት ሳያዩ ቀርተዋል።

በሕግ በኩል ጉዳዩ ከተቆረጠ ቆይቷል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ አርጩሜውን ከመምህሩ እጅ ወሰደ እንጂ በምትኩ ምን እንደሚጨበጥ አልነገረውም። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀበት፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር አርጩሜውን ደብቆ ቢይዝ ወይም ማባረርን ቢያበዛ የሚያስደንቅ አይደለም።

በሌላው ዓለም ይህን ባዶ ስፍራ ለመሙላት የተሞከረው ለጉና ሽማግሌ እንግዳ ባልሆነ መንገድ ነው። በካናዳ ኤልማይራ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 በሰው ንብረት ላይ ጥፋት ያደረሱ ሁለት ወጣቶች በየተበዳዩ ደጅ እየሄዱ ጥፋታቸውን እንዲያምኑና ካሳ እንዲከፍሉ ተደረገ። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ሕግ የማኦሪ ሕዝብን የቤተ ዘመድ ጉባኤ ልማድ ወስዳ ያጠፉ ልጆች ጉዳይ በቤተሰብና በተበዳይ ፊት እንዲታይ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህንኑ ጉባኤ ለተማሪዎች ጠብ አዋለው። የደብረ ታቦር መምህር እሑድ በመንደሩ በሽምግልና ተቀምጦ ውሎ ሰኞ ማለዳ አርጩሜ የሚይዝ ከሆነ፣ ዕውቀቱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሽምግልናን እንዳለ አንሥቶ ወደ ክፍል ማስገባት ሌላ በደል ሊወልድ ይችላል። ሽምግልና የሰላም መሣሪያ የሆነውን ያህል ደካማውን አፍ ማስያዣም ሆኖ ያውቃል። ለዚህ ከጠለፋ የበለጠ ምስክር የለም። ሴት ልጅ ተጠልፋ ሽማግሌ ሲላክ የሚታረቁት አባቷና ጠላፊው ነበሩ፤ የልጅቱ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ እምብዛም ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ተጠላፊዋ ጠላፊውን ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፤ ይህ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ፣ ስለ ሽማግሌ ብለሽ» የሚለው ቃል ለእኩዮች ልመና ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ከእርስዋ በዕድሜና በጉልበት በሚበልጥ ተማሪ የተነካች ልጅን ከእርሱ ፊት አስቀምጦ «ይቅር በዪው» ማለት ሁለተኛ ጥቃት ነው፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ የሕግ እንጂ የሽማግሌ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ የማይነሣው ደግሞ የመምህሩ በደል ነው። መምህር ተማሪውን በክፍል ፊት ቢያዋርድ፣ ያላጠፋውን ቢመታ፣ ማን ይቀመጥላቸዋል? የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ነገር ግን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዚያ ጉባኤ ቆሞ «በድለውኛል» ሊል የሚደፍር መሆኑን መገመት ያስቸግራል። ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚሠራ እርቅ ከአለንጋው የሚለየው በድምፁ ለስላሳነት ነው። መምህሩ ራሱ ባጠፋ ጊዜ በተማሪው ፊት «አጥፍቻለሁ» ለማለት ዝግጁ ባልሆነበት ትምህርት ቤት ልጆች ይቅርታን የሚማሩት እንደ ታናሾች ግዴታ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ሲዘልቅ ያዩ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ኃይለኛ እንደ ወደደ ሲያደርግ በበቂ አይተዋል።

«አልታረቅም» የሚል ልጅ ቢገኝስ? የአገር ሽማግሌ በዚህ አይደናገጥም፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቀጥራል። ትምህርት ቤት ግን ደወል አለው፤ ፈተና አለው፤ ትዕግሥቱ አጭር ነው። ስለዚህ ካሳው ከይቅርታው መለየት ይኖርበታል። ገንዘቡ የተሰረቀበት ልጅ ቂሙን ለጊዜው ቢይዝም ገንዘቡ ይመለስለት፣ ኪራዩ ይከፈልለት፣ ከወሰደበት ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ማደር ካልፈለገም ሌላ ማደሪያ ይፈለግለት። እጅ ለእጅ መጨባበጡ ከፋሲካ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል።