እንከኑን ያልደበቀ ነጋዴ

 

ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ገመድ የሚተላለፍን መልእክት ያስታውሳል። ዛሬ በዚህ ክፍለ ከተማ ከጎፋ እስከ ጀሞ ብዙ ወጣቶች የሚኖሩት በእንዲህ ያለው መልእክት ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ ሽቶና ጅልባብ ሻጩ፣ የቤት ዕቃ ሠሪው ለሱቅ ኪራይ አቅም ቢያጥራቸው በቴሌግራም ያስተዋውቃሉ፤ ሒሳባቸውን በቴሌብር ይቀበላሉ። ኒያው ካማረ በላብ ማደር ዒባዳ ነው። ግን እንዴት ነው የምንሸጠው?

«ገበያ በምን ላግኝ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ምክር «አጋን፣ አጓጓ፣ አስቸኩል» የሚል ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢሰዱ ውስጡ ረጥቦ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገ ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ! ጥፋቱ እርጥቡን ከታች መተው ብቻ ነበር። ከሌላ ቦታ ያገኘውን ፎቶ ለጥፎ ሌላ ጨርቅ የሚያስረክብ ሰውስ ከዚህ በምን ይለያል?

ሌላው በሽታ የሐሰት ምስክር ነው። «ገዝቼዋለሁ፣ ማሻአላህ አንደኛ ነው» ብለው እንዲጽፉለት ጓደኞቹን የሚያሰማራ አለ። ሳይገዙ ዋጋ ማናር «ነጅሽ» ተብሎ መከልከሉን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ የውሸት ሙገሳም የዚያው ወንድም ነው። «ወላሂ በገዛሁበት ነው የምሰጥህ» የሚለውስ? መሐላ ዕቃውን ቢያሻሽጥም በረካውን እንደሚያጠፋ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

«እውነቱን ከተናገርኩ እከስራለሁ» የሚል ወንድም ይኖራል። ችግሩን አላቃልልም፤ የቤት ኪራይ ቀን ጠብቆ ይመጣል፣ ልጆችም ይርባቸዋል። ነገር ግን ትንሽ ነጋዴን የሚያኖረው ተመላልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው። ጀሞ የማውቃት አንዲት ልብስ ሰፊ እህት «ይህ ጨርቅ ቀለሙ ትንሽ ይለቃል፣ ለብቻው እጠቢው» ብላ ትሸጣለች። አንዳንዷ ትታው ትሄዳለች፤ የገዛችው ግን ጎረቤቷን ይዛ ትመለሳለች። ኸዲጃም (ረ.ዐ) ለሻም ንግዳቸው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) የመረጧቸው በታማኝነታቸው ነበር።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ፎቶው የራሱ የዕቃው ይሁን። ዋጋው በግልጽ ይጻፍ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» እያሉ የሰው ፊት አይቶ ዋጋ መጥራት ይቅር። እንከን ካለ ገዢው ሳይጠይቅ ይነገረው። ቀብድ ስትቀበሉ መጠኑንና የምታስረክቡበትን ቀን ጻፉ፤ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራ 282) ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን አንርሳ። የአገሪቱም ሕግ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ተቆጣጣሪ ባያገኘን እንኳ የክምሩን ውስጥ የሚያይ ጌታ አለ።

ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ውሸት አይጨምረውም፣ እውነትም አይቀንሰውም። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያለበት ያድርግልን። አሚን።