መኪና በበረሃ ሲቆም

ከክርያት ሞጽኪን እስከ ኤላት ያለው መንገድ ረጅም ነው። ባለፈው ዓመት ከሱኮት በዓል በኋላ እኛ ስድስት ሰዎች፣ ወጣትና ሽማግሌ ተደባልቀን፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ተከራይተን ወረድን። ወጣቶቹ «ካራቫን» ሲሉት አንድ አባት «ከካራቫን የወጣነው ገና መቼ ሆነና!» ብለው አሳቁን። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ስንቶቻችን በካራቫን ሰፈር እንደኖርን የሚረሳ የለም።

መንገድ ቁጥር 90 የሙት ባሕርን ዳርቻ ይዞ ይሄዳል። ቦታው ከባሕር ጠለል በታች 430 ሜትር ያህል ስለሆነ በጥቅምት እንኳ ይሞቃል። ዓይን ጌዲን አልፈን ማሳዳ ከሩቅ ሲታየን የራዲያተሩ ጎማ ፈነዳና ሞተሩ ጋለ፤ ዳር ይዘን ቆምን። ወደ ባሕሩ መውረድም አደገኛ ነው። ውሃው በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚጎድል መሬቱ ከሥሩ ተቦርቡሮ በድንገት ይሰምጣል፤ በ2015 የዚሁ መንገድ አንድ ክፍል በዚህ ምክንያት ተዘግቶ ነበር።

አንዱ ወጣት ግን በሚጨሰው ሞተር ፊት ፎቶግራፍ እየተነሣ «ጉዞ ማለት ይኼ ነው!» አለ። እኚያ አባት ተቆጡ። «ሰው በውሃ ጥም ያለቀበትን በረሃ መጫወቻ ታደርጋለህ?» ክርክሩ ከዚህ ተነሣ። ወላጆቻችን ሳይወዱ ያዩትን መከራ እኛ ገንዘብ ከፍለን ለመዝናኛ መፈለጋችን ነውር ነውን?

ቁጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። ነገር ግን መልሱን የሰጡን አብረውን የነበሩት እናት ናቸው። እርሳቸው በ1982 መጀመሪያ ከገዳሪፍ አካባቢ በጭነት መኪና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ከተወሰዱት አንዷ ናቸው። ሞሳድ በዚያ ዳርቻ፣ አሩስ በሚባል ስፍራ፣ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ነበር። ጎብኚዎቹ በቀን ይዋኛሉ፤ ሌሊት የሚሠራውን ግን አያውቁም።

«የእኛም መኪና አሸዋ ይዞት ቆሞ ነበር» አሉ። «ሙቀቱ ከዚህ አይብስም። እኛ ግን መጣራት አንችልም ነበር። ልጅ እንዳያለቅስ አፉን እንይዛለን፤ የሚመጣው ሰው እንዳያየን እንጸልያለን። እናንተ እንዲያያችሁ እጃችሁን ታወዛውዛላችሁ። ልጄ ይሳቅ፣ ተዉት።»

በእኛ አስተያየት ነገሩን ያገኙት እርሳቸው ናቸው። ከጥሙና ከሙቀቱ ይልቅ የሚከብደው ጮኾ የሚሰማ ማጣት ነው። ስልክ በእጁ ያለ ሰው በቆመ መኪና ቢስቅ ሙታንን አልደፈረም። ያሳፈረን ሌላ ነው። ጠዋት ከኢየሩሳሌም ቁልቁል ስንወርድ፣ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ እጁን የሚያወዛውዝ ሰው አይተን «ስልክ አይጠፋውም» ብለን አልፈነው ነበር። ይህን ማንም አላነሣም፤ ሁላችንም ግን አስታውሰነዋል።

ጎታቹ መኪና የመጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወጣቱ ሳይቆሙ ያለፉንን መኪኖች ሲቆጥር አርባ ደርሶ ተወው። በመጨረሻ አንድ የበደዊን ሹፌር ቆመና አሥር ሊትር ውሃ አውርዶልን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።