ሰው ለራሱ የገባው ቃል

የመስከረም ወር በገባ ቍጥር ብዙ ሰው በልቡ አንድ አሳብ ይቈርጣል። አንዱ ዘንድሮስ ማንበብና መጻፍ እማራለሁ ይላል፤ ሌላው ዘንድሮስ የቤቴን ክዳን አስለውጣለሁ ይላል፤ የእጅ ሠራተኛውም ዘንድሮስ ከአምናው የተሻለ አንድ ነገር ሠርቼ አሳያለሁ ይላል። ይህን የመሰለውን ቃል ከተናጋሪው በቀር የሚሰማው የለም፤ ውል አልተጻፈበትም፥ ዋስም አልተጠራበትም። ታዲያ ዓመቱ አልቆ ጳጉሜን ስትመጣ አሳቡ ሳይፈጸም ቢቀር፥ ሰውዬው የበደለው ማንን ነው?

ይህን ጥያቄ ቀላል አድርገው የሚያዩት ሰዎች አሉ። እነርሱ እንደሚሉት ዕዳ የሚባለው አበዳሪና ተበዳሪ ሲኖር ነው፤ እዚህ ላይ ግን አበዳሪውም ተበዳሪውም አንድ ሰው ስለ ሆነ፥ በፈለገ ጊዜ ራሱን ሊምር ይችላል፤ ስለዚህ የተበደለ የለም። ክርክሩ ለመስማት ያምራል፤ በሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብም የሚረታ ይመስላል። እኔ ግን በደሴ ከተማ ስፌት እየሰፋሁ የምኖር ሴት ስለ ሆንሁ፥ ነገሩን ከራሴ ሥራ ተነሥቼ ብመረምረው ይቀለኛል።

ለስፌት ሰፊ ዓመቱ በመስከረም የሚጀምረው የዘመን መቍጠሪያው እንዲህ ስላለ ብቻ አይደለም። ስንደዶና አክርማ የክረምቱን ዝናም ጠጥተው የሚደርሱት ያን ጊዜ ነው። ጊዜው ጥቂት ያለፈ እንደ ሆነ ሣሩ ይጠነክራል፤ ከብትም ይረግጠዋል። ስለዚህ የገጠር ሴቶችና ልጃገረዶች ማለዳ ወጥተው ከእርሻ ድንበርና ከተራራ ጥግ ይሰበስባሉ፤ እኛ የከተማዎቹ ደግሞ ጉልበታችን የፈቀደ እንደ ሆነ ወጥተን፥ ያልፈቀደ እንደ ሆነ እስር በእስር ተሸክመው ከሚመጡት ከገበያ እንገዛለን። ከዚያም ይደርቃል፤ ለውስጡ የሚሆነውና ለመስፊያ የሚሆነው ይለያል፤ ቀለም የሚነከረውም ተነክሮ አለላ ይሆናል። በመስከረምና በጥቅምት ያልተሰበሰበ ሣር በሚያዝያ ቢፈልጉት አይገኝም።

እንግዲህ ሰፊዋ ሴት ያን ጊዜ ሣሩን በክንዷ ስትታቀፍ፥ ዓመቱን ስንት መሶብ፥ ስንት ሰፌድ፥ ስንት አገልግል እንደሚወጣት ሳትናገር ተናግራለች። ቀዩ ይህን ያህል፥ ጥቍሩ ይህን ያህል ብላ ስትነክርም፥ በመጋቢት የምትሰፋውን መልክ በመስከረም ቈርጣዋለች። ለሌላው ሰው የዓመት አሳብ ማለት በልብ የሚቀመጥ፥ ከልብም ሲጠፋ ማንም የማያየው ነገር ነው። ለእኛ ግን ከጣራው ሥር ተንጠልጥሎ፥ እንጀራ ስንጋግር እንኳ ቍልቍል የሚያየን ነገር ነው። ከነቀሉትም በኋላ ወደ ሥሩ አይመለስም።

በአገራችን የእጅ ሠራተኛ የራሱ የሆነ የዓመት አሳብ ይኖረዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነበረ። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ይናቁ ነበር፤ ሸማኔውም በሙያው ይሰደብ ነበር። ስድቡ ከመብዛቱ የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደረሱ፤ አዋጁ ቢነገርም ልማዱ በአንድ ቀን አልጠፋም። የስፌት ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስፌትን የባላባት ሚስትም የድኻ ልጅም ትሰፋዋለች፤ ማንም አልናቀውም። ዳሩ ግን ማንም ሥራ ብሎ አልጠራውም። ቡና እስኪፈላ፥ ወሬ እስኪያልቅ ድረስ እጅ ሥራ እንዳይፈታ የሚያዝ ነገር ተደርጎ ተቈጠረ። የተናቀውን ሠራተኛ አሳብ እንዳይኖረው የከለከለው ንቀት ነው፤ እኛን ደግሞ የከለከለን «እጅሽ ይባረክ» የሚለው ምስጋና ነው። ይህ ሁለተኛው ክልከላ ለስላሳ ስለ ሆነ ማንንም አያስቈጣም፤ እንደ እኔ አስተያየት ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ዘመን የኖረውም ስለዚህ ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ቍልቍል 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮምቦልቻ ይደርሳል። የእኛ ከተማ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች በቀትርም ጋቢ አይለየንም፤ ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ናት፤ ሥራዋም ከእኛ ሥራ ይለያል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በብዙ ድርጅት ዘንድ ዓመቱ የሚጀምረው በጀት በሚጀምርበት በሐምሌ 1 ቀን እንጂ በእንቍጣጣሽ አይደለም፤ ዕቅዱም የሚጻፈው በቍጥር ነው። ይህን ለመንቀፍ አልነሣሁም። ብዙ መቶ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ሲሠራ የአንዱን እጅ ከሌላው እጅ ጋራ የሚያገናኘው ቍጥር ነው፤ ደመወዝም የሚወጣው ከቍጥር ነው።

የእኅቴ ልጅ በዚያ ከተማ በልብስ ስፌት ሥራ ትተዳደራለች። ለበዓል በመጣች ጊዜ፥ «አክስቴ፥ አንቺስ ዘንድሮ ስንት ልትሰፊ አስበሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቅን ልጅ ጥያቄ ነው። ስንት እንደምሸጥ ሳላስብ የምውል ሰው አይደለሁምና እኔም ቤት ኪራይን በቍጥር ነው የምከፍለው። ነገር ግን የዓመቱ አሳብ ቍጥር ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛው የሚሠራው እጁ አስቀድሞ የለመደውን ነው፤ የለመደ እጅ ይፈጥናልና። ዐሥር ሰፌድ ካሰብሁ ዐሥሩም የአምናውን ሰፌድ ይመስላሉ። ቍጥር አምናን ያበዛዋል እንጂ ዘንድሮን አይወልደውም። በእንቍጣጣሽ የአበባ ሥዕል ስለው በየቤቱ የሚያድሉትን ወንዶች ልጆች አይታችሁ እንደ ሆነ፥ ሥዕላቸውን ሰጥተው ዐይን ዐይናችሁን የሚያዩት ስንት እንደ ሳሉ እንድትጠይቋቸው አይደለም፤ ከአምናው ይበልጥ ማማሩን እንድትነግሯቸው ነው። የተሰጣቸውን ብር ግን በር ላይ ቆመው ይቈጥራሉ፤ ይህም ተገቢ ነው።

ለልጅቱ የመለስሁላት «አንድ» ብዬ ነው። ይህን ያልሁበት ምክንያት እንዲህ ነው። በሰፈራችን አንዲት ዕድሜያቸው ከሰማንያ የዘለለ ሴት አሉ። በወጣትነታቸው የሰፉት አንድ የመሶብ ክዳን አላቸው፤ በላዩ ያለው መልክ ከጫፉ ጀምሮ እየተሽከረከረ ሲወርድ የትም ላይ አይሰበርም። ስፌት የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ የሚያደንቀው ቀለሙን ነው። ሰፊ ግን የምታደንቀው ቍጥሩን ነው፤ ክቡ በሰፋ መጠን በየዙሩ የሚሰፋው ብዛት ይጨምራልና፥ መልኩ እንዳይዛነፍ ጭማሪው በልክ መግባት አለበት። እኚህ ሴት ያን ቍጥር በወረቀት አልጻፉትም። በከንፈራቸው እያንሾካሾኩ ይቈጥራሉ እንጂ ንገሪ ቢሏቸው መናገርም አይሆንላቸውም፤ ወስፌ ሲይዙ ብቻ ይመጣላቸዋል። «እማማ፥ ያስተምሩኝ» ብላቸው፥ እንደ ወሎ ሰው ወግ «አብሽሪ፥ ሣር ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። ይህን መልክ ዘንድሮ ለመማር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ የሰማኝ ዳኛ የለም። ዓመቱን በሌላ ነገር ባሳልፈውና ራሴን ብምር፥ በዚያም መካከል እኚህ ሴት ቢያርፉ፥ ቍጥሩ አብሯቸው ይሄዳል። ያን ጊዜ የተበደለ የለም ማለት ይቻላልን? እርሳቸው አሉ፤ ለእርሳቸው ያስተማሩት አሉ፤ ነገ ይህን መልክ ልትሰፋ የምትችል፥ ዛሬ ገና አበባየሆሽ የምትል ልጅ አለች። አበዳሪው እኔ ነኝ ብዬ የማርሁት ዕዳ የሌላ ሰው ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። ሠራተኛ ለራሱ ቃል ሲገባ በስሙ ይፈርማል እንጂ ገንዘቡ የእርሱ ብቻ አይደለም።

በወሎ ስለት የማያውቅ ቤት የለም። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል የሚጓዘው ሕዝብ በከተማችን ሲያልፍ ስለቱን ይዞ ያልፋል፤ እስላም ጎረቤቶቻችንም በየደጃቸው ይሳላሉ። ስለት ግን ይህ የሆነልኝ እንደ ሆነ ያን እሰጣለሁ የሚል ነው፤ አስቀድሞ ተቀብሎ ኋላ መክፈል ነው። የሠራተኛ አሳብ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሣሩን፥ ዐይኑንና ወገቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የሚቀበለው ምን እንደ ሆነ ገና አያውቅም። ስለቱን ያልሰጠ ሰው ሌሊት ይባንናል፤ አሳቡን የተወ ሠራተኛ ግን ደኅና እንቅልፍ ይተኛል። ክርክሩ ጥንካሬውን ያገኘው ከዚህ እንቅልፍ ይመስለኛል።

ነገር ግን ቃሉን ሰውዬው ሳይሆን ዘመኑ ያፈረሰው እንደ ሆነስ? ይህን ለመመርመር የ2014 ዓ.ም. መስከረምን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ጊዜ ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴንና ኮምቦልቻን ሞልቶ በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ይተኛ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ፥ በእውነቱ ከእኔ የበለጠች ሰፊ፥ ለልጇ ሠርግ የሚሆን ትልቅ መሶብ ልትሰፋ አስባ ከሁላችንም ይልቅ ብዙ ሣር ሰብስባ ነበር። ደክማ ያደረቀችውን አክርማ ሁሉ በአንድ ቀን በልጆቿ አሸክማ ወስዳ ለአራሶችና ለሽማግሌዎች መኝታ አነጠፈችው። «ኧረ ይህን ሁሉ?» ብላት፥ «ዘንድሮ መሶቤ ሰው ተኛበት በይኛ» ብላ ሣቀች።

በጥቅምት ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ እርሷም ቤቷን ዘግታ እስከ ደብረ ብርሃን ተሰደደች። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ከተለቀቁ በኋላ ስትመለስ ቤቷን ተበርብሮ አገኘችው። ወስፌዋ ብቻ በግድግዳው ስንጥቅ እንደ ተሰካች ቀርታ ነበር። ልጇም የተዳረችው በትውስት መሶብ ነው።

ይህች ሴት ቃሏን አፍርሳለችን? እነዚያ ተከራካሪዎች ቢጠየቁ ራሷን ማረች ይሉ ነበር። እኔ ግን ለራሷ ያደረገችው ምሕረት አላየሁም። በ2015 ዓ.ም. መስከረም የሰበሰበችው ሣር የፊተኛውን ዕጥፍ ነበር፤ ስለዚያ መሶብም ስትናገር «የቀረብኝ» ትላለች እንጂ «የተውሁት» ብላ አታውቅም። ዕዳው እንዳለባት አምና በሌላ ገንዘብ ከፈለችው፤ ያንንም ከፍላ የቀረ ያለባት ይመስላታል።

እዚህ ላይ ግን የማልሸሽገው ችግር አለ። ሰነፍም ቢሆን አሳቡን ሲተው የሌላ ሰው ጉዳይ ይጠራል፤ ለቅሶ ነበረ፥ እንግዳ ነበረ፥ ልጅ ታሞ ነበረ ይላል። ደግሞም ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ በተለይ የሴት ዓመት እንዲህ ባለው ነገር የተሞላ ነው። ከውጭ ሆኖ ይህ ከፈለ፥ ያ ሸሸ ብሎ የሚለይ ዳኛ አይገኝም። እኔ የማውቀው ምልክት ትንሽ ናት። በሌላ የከፈለ ሰው የከፈለበትን ያውቀዋል፤ ስንት እስር፥ ለማን፥ በየትኛው ቀን ብሎ ይነግራችኋል። ዝም ብሎ የተወው ግን ዓመቱ በየት በኩል እንደ ወጣ አያውቀውም። ይህች ምልክት በሁሉ ላይ ትሠራለች ብዬ አልምልም፤ በእኛ ሥራ ግን ከጣራው ሥር የቀረው ሣር ስለሚመሰክር ትረዳለች።

ጳጉሜን ለዚህ ምርመራ የተሰጠች ትመስለኛለች። አምስት ቀን፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ስድስት ቀን ብቻ ናት፤ ክፍያም ኪራይም በእርሷ አይታሰብም። እኔ በነዚያ ቀኖች ከአምናው የተረፈውን አለላ አውርጄ በቀለም በቀለሙ እለየዋለሁ። አንዳንዱ ሻግቶ ይገኛል፤ አንዳንዱ ለምን እንደ ነከርሁት እስኪጠፋኝ ድረስ ያስደንቀኛል።

ዘንድሮ ስንደዶ ተወዷል። ከገዛሁት ውስጥ ሁለት እስር ለእማማ መልክ ብቻ ለይቼ ሰቅዬዋለሁ፤ ሌላው ለገበያ ነው። ዐይናቸው ከቀትር በኋላ ስለሚደክም የምሄደው ማለዳ ነው። እስካሁን ሦስት ዙር ሰፍተናል። በአራተኛው ላይ ዐሥራ ሁለቱ ዐሥራ ስድስት ይሆናል ይላሉ፤ ለእኔ ከአሮጌው ክዳን ላይ ስቈጥረው ዐሥራ አምስት ነው የሚመጣልኝ። ነገ በብርሃን አብረን እንቈጥረዋለን።