ሕመም ይቀድማል ወይስ ጥፋት? የጎሜ እሳቤና የባይፖላር ታማሚ እንክብካቤ

ሰው ሲታመም «ማን ምን አጠፋ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ መሆን አለመሆኑ የሃይማኖት ሊቃውንትንም ፈላስፎችንም ለረጅም ዘመን ያከራከረ ጉዳይ ነው። ሕመሙ ከሰውየው አካል ይልቅ ስሜቱን፣ ንግግሩንና ፍርዱን የሚለውጥ ሲሆን ደግሞ የጥያቄው ክብደት ይጨምራል፤ ታማሚው በሕመሙ ግፊት የሚያደርገው ነገር ለተመልካቹ ጥፋት መስሎ ይታያልና። ይህን ጥያቄ በቅርበት ለመመርመር ከሚያመቹ ስፍራዎች አንዱ፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚመለከት ቋጥኛማ ኮረብታ ላይ የምትገኘው ኦቾሎ ናት። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዋና ጉዳይ ያደረገው፣ የአገሬው ሰው የጋራ ጉዳዩን በአደባባይ ጉባኤ መክሮ የሚወስንበትን ሥርዓት ነበር። እንዲህ ያለው ጉባኤ የሚደረግበት ዱቡሻ የተባለው አደባባይ ደግሞ የመከራን ምክንያት ከመመርመር ጋር የቆየ ትስስር አለው።

ኦቾሎ በምትገኝበት በጋሞ ደጋማ አገር ለመከራ የሚሰጠው ነባር ማብራሪያ ጎሜ ይባላል። ጎሜ ከአባቶች የተወረሰውን ሥርዓት መጣስንና ከመጣሱ የሚከተለውን መዓት አንድ ላይ የሚይዝ እሳቤ ሲሆን፣ ታናሽ በታላቁ ላይ ቢደፍር ወይም ሰው ወንድሙን በድሎ ሳይታረቅ ቢቀር፣ ሕመም፣ የከብት ሞት ወይም የዝናብ መታጣት በበደለኛው፣ በቤተሰቡ፣ አልፎም በመላው አገር ላይ ሊደርስ ይችላል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህም መከራ ሲደርስ ሽማግሌዎች የተሰወረውን በደል ይመረምራሉ፣ የበደለው ይናዘዛል፣ የተጣሉት ይታረቃሉ። የዚህ እሳቤ ታላቅነት የአንድን ሰው ሕመም ለብቻው የማይተው መሆኑ ነው፤ ታማሚው በቤቱ ተዘግቶ እንዲረሳ አይፈቅድም፣ ጎረቤትና ዘመድ ስለ እርሱ እንዲመክሩም ያስገድዳል። አደጋው ግን የበደልን ምንጭ ፍለጋ በታማሚው ላይ ክስ ሆኖ እንዳይደመደም የሚከለክለው ነገር አነስተኛ መሆኑ ነው፤ ይህም በግልጽ ከሚታይባቸው ሕመሞች አንዱ ባይፖላር የተባለው የስሜት መታወክ ነው።

ባይፖላር ሁለት ተቃራኒ ጽንፎች ያሉት ሕመም ነው። አንደኛው ማኒያ የሚባለው የስሜት ከልክ ያለፈ መጋል ሲሆን፣ ታማሚው ለቀናት እንቅልፍ ቢያጣም ድካም አይሰማውም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ የሚያከብራቸውን ሰዎች ይሳደባል፣ አንዳንዴም ልዩ ሥልጣን ወይም መለኮታዊ ተልእኮ እንደተሰጠው ያምናል። ሁለተኛው ድባቴ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ያው ሰው ኃይሉና ተስፋው ይጠፋል፣ ራሱን ይኮንናል፣ ሞትንም እስከ መመኘት ሊደርስ ይችላል። በሁለቱ መካከል ታማሚው ወደ ደህና ጠባዩ የሚመለስባቸው ወራት ወይም ዓመታት ይኖራሉ። በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በመመርመር የተካሄደውና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው የባይፖላር ዋነኛ ዓይነት የደረሰባቸው ከወንዶች 0.6 ከመቶ፣ ከሴቶች 0.3 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከተገኙት ታማሚዎች መካከል በጥናቱ ወቅት ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 6.6 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የሕመሙ ዋና መድኃኒት የሆነውን ሊትየም የወሰደ አንድም ሰው አልነበረም።

የጥያቄው ፍሬ ነገር የሚገኘው ግን በነገሮች ቅደም ተከተል ላይ ነው። በጎሜ እሳቤ ጥፋት ይቀድማል፣ ሕመም ይከተላል፤ በማኒያ ግን ሕመሙ ይቀድምና ጥፋት የሚመስለው ድርጊት ይከተላል። በማኒያ የተያዘ ሰው አባቱን በአደባባይ ቢሰድብና ከሳምንታት በኋላ በድባቴ ቢወድቅ፣ ዘመዶቹ ስድቡን ምክንያት፣ ድባቴውንም ቅጣት አድርገው ሊያዩ ይችላሉ፤ የዓይን ምስክርነታቸው እውነት ቢሆንም የምክንያቱ ትርጓሜ ተገልብጧል። ይህን ግልባጭ ማስተካከል የሚቻለው የታማሚውን ታሪክ በጥንቃቄ በመጠየቅ ነው፤ እንቅልፉ መቼ መቀነስ ጀመረ፣ ንግግሩ መቼ ፈጠነ፣ ተመሳሳይ ነገር ከዚህ በፊት ደርሶበት ያውቃል ወይ፣ ከቤተሰቡ እንዲህ የታመመ ሰው አለ ወይ? እንቅልፍ ማጣቱ ከስድቡ በፊት መጀመሩን የመዘገበ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ለሕክምናው የሚያስፈልግ መረጃ ከመሰብሰቡም በላይ ለአንድ የሥነ ምግባር ክርክር ማስረጃ አቅርቧል፤ የሕክምና መዝገቡ ታማሚውን ካልተገባ ኩነኔ የሚከላከል ሰነድ ይሆናል።

ኦቾሎ ራሷ ሕመም ያለ በደለኛ ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ምስክር አላት። ፊትን የሚያቆስለውና ጠባሳ የሚተወው ቁንጭር የተባለው የቆዳ ሕመም በኦቾሎ ለአሥርት ዓመታት ሲጠና የቆየ ሲሆን፣ የሕመሙ ጥገኛ ተሕዋስ በቋጥኝ ዋሻዎች በሚኖሩ ሽኮኮዎች አካል ውስጥ እንደሚኖርና የአሸዋ ዝንብ የተባለች ደቃቅ ነፍሳት ወደ ሰው እንደምታስተላልፈው ተረጋግጧል። በዚህ ሕመም ፊቱ የቆሰለ ሕፃን በደል የለበትም፤ የተወለደው ቋጥኝ ባለበት ስፍራ ነው። የባይፖላር መነሻ እንደ ቁንጭር በአንዲት ነፍሳት የሚገለጽ ባይሆንም፣ የዘር ውርስና የአንጎል አሠራር ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ይታወቃል፤ ታማሚው ዘሩን ያልመረጠው ሕፃኑ ቋጥኙን እንዳልመረጠ ሁሉ ነው።

የክርስትና መጻሕፍትም በዚህ ረገድ ዝም አላሉም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የማን ኃጢአት እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ክርስቶስ የእርሱም የወላጆቹም በደል ምክንያት እንዳልሆነ መልሶ ወዲያው ወደ ፈውሱ ሥራ አልፏል፤ የኢዮብ ወዳጆችም መከራውን የበደል ማስረጃ በማድረጋቸው ተወቅሰዋል። መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው ለሚለው ሐሳብ ደግሞ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ መልስ ይሰጣል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው ፈጣሪ መሆኑን፣ ሐኪምም ሊከበር እንደሚገባ ያስተምራልና። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ባስተማሩ ጊዜ ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። እንግዲህ ጸበል የሚጠመቅ ወይም በጸሎት ቤት የሚጸለይለት ታማሚ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ የሚነገረው ምክር ከእምነቱ ሥር የመነጨ አይደለም።

መድኃኒቱም በበኩሉ የማያቋርጥ የሰው ትጋት ይጠይቃል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. ለማኒያ እንደሚረዳ ያሳወቀው ሊትየም፣ የሕመሙን መመላለስና ራስን የማጥፋት አደጋን የሚቀንስ ቢሆንም፣ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን በአብዛኛው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ሲሆን፣ ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ያሰጋል፤ በመሆኑም ደም፣ ኩላሊትና የታይሮይድ ዕጢ በየጊዜው መመርመር አለባቸው። በአባያ ዙሪያ ባለው ቆላ ወባ ይዞት የሚያተኩሰው፣ የሚያልበውና የሚያስመልሰው ታማሚ፣ ወይም ውኃ ሳይጠጣ ረጅም ሰዓት የሚጾም ምእመን የሰውነቱ ፈሳሽ ሲያንስ የሊትየሙ መጠን ሊያሻቅብበት ይችላል፤ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። እጁ በኃይል የሚንቀጠቀጥ፣ የሚንገዳገድ፣ አንደበቱ የሚተሳሰር ታማሚ ሲያጋጥም ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መውሰድ እንደሚገባ ለቤተሰቡ ማስተማር የነርሱ ድርሻ ነው፤ ታማሚን ከጾም ግዴታ ነጻ ማድረግ ደግሞ የንስሐ አባት ድርሻ ነው። የደም ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ሌሎች መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ ከእነዚህ መካከል ቫልፕሮት በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ልትወልድ ለምትችል ሴት ሊታዘዝ አይገባም፤ የድባቴ መድኃኒትም ለብቻው ሲሰጥ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ታማሚው መድኃኒቱን እምቢ ሲል የሚነሣው ነው። በማኒያ ያለ ሰው ራሱን ከማንም በላይ ጤነኛ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ፈቃዱን ማክበር ለሕመሙ መታዘዝ፣ ፈቃዱን መጣስ ደግሞ ሰብአዊ ክብሩን መንካት ይመስላል። ለዚህ የሚሻለው መልስ ታማሚው በደህናው ወቅት ራሱ የሚሳተፍበት ስምምነት ነው፤ ሕመሙ ሲጀምር ማን ወደ ጤና ተቋም እንዲወስደው፣ ገንዘቡንና ከብቱን ማን እንዲጠብቅለት፣ የትኛው መድኃኒት እንደተስማማው አስቀድሞ ከቤተሰቡና ከነርሱ ጋር ይመክራል። ሁሉም ተናግሮ እስኪስማማ ድረስ መምከርን ለለመደ ማኅበረሰብ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይሆንም። እንዲህ ያለ ስምምነት ካለ፣ በሕመሙ ሰዓት የሚሰጠው ሕክምና በደህናው ጊዜ ለሰጠው ቃል መታመን ይሆናል፤ በሰንሰለት ማሰር ግን በየትኛውም ስምምነት ሊጸድቅ አይችልም።

ይህ ሁሉ በሕመም የተፈጸመ ድርጊት ያስከተለውን ጉዳት አያስቀረውም፤ የተሰደበው ያዝናል፣ የተበተነው ገንዘብም ይጎድላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 በአእምሮ ሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት መረዳት ወይም ራሱን መግታት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን፣ ችሎታው በከፊል የጎደለም ኃላፊነቱ እንደሚቀንስ ይደነግጋል፤ ሕጉ ከቅጣት ሲያድነው ግንኙነቱን ግን አይጠግንለትም። የሽማግሌዎች ጉባኤ የማይተካ ሥራ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ታማሚው ሲሻለው ያለ ኩነኔ ከተጎዱት ጋር ማስታረቅ፣ ወደ ቦታውም መመለስ ይችላልና። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በቡራዩ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶችን በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ሲለምኑ፣ በቀልን ከማስቆም በፊት ጥፋተኛ ፍለጋ አልሄዱም። ለታማሚውም የሚገባው ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ጉዳቱ ይቁም፣ ቀጥሎ ሰውየው ይታከም፣ ከዚያ ዕርቁ ይምጣ።

ስለዚህ በኦቾሎም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያሉ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና መጋቢዎች፣ የስሜት መታወክ ያለበት ሰው ወደ እነርሱ ሲመጣ «ምን አጠፋህ?» ከማለታቸው አስቀድመው «እንቅልፍ ካጣህ ስንት ቀን ሆነህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያም ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ፣ መድኃኒቱንም ሳያስጥሉት ወደ ጤና ተቋም አብረውት ይሂዱ። ነርሱም በበኩሉ እነርሱን እንደ ባላንጣ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ይቀበላቸው። ታማሚው ለሕመሙ ዕዳ የለበትም፤ እርሱን የመንከባከብ ዕዳ ግን የሁላቸው ነው።